አካፋም ይታሰሳል

የበረዶ መጥረጊያ ማሽኑን የገዛሁት ከግማሽ በላይ ለጉራ ነው። ሥራውን አካፋ ይሠራው ነበር። ግን ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ያለው ሰውዬ አንድ ነበረው። ጠዋት ያስነሳና በረዶውን እንደ ፏፏቴ እየረጨ ደጁን በአሥር ደቂቃ ጥርግ ያደርገዋል። እኔ አካፋዬን ይዤ ስንፏቀቅ እጁን አንስቶ ሰላም ይለኛል። ያቺ ሰላምታ እንቅልፍ ነሳችኝ።

በፈረንጆቹ 2020 ጥቅምት አካባቢ ወደ አሪዞና የሚዛወር ሰው ያገለገለ ማሽን በርካሽ ሲሸጥ አገኘሁ። ሲያስረክበኝ ፊቱ ላይ የነበረችው ፈገግታ ምን ማለት እንደሆነች ያኔ አልገባኝም።

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ከዴንቨር በስተምሥራቅ ጥግ ለጥግ የተጠጋች ከተማ ናት። የሐበሻ ምግብ ቤቱም፣ እንጀራ መሸጫውም ሞልቷል። ዴንቨሮች ከተማቸው ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል፣ ማለትም 1,600 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ይኮራሉ። አዲስ አበባ ከዚያ በ700 ሜትር ትበልጣለች ስላቸው አያምኑኝም። «ታዲያ ስኖው የላችሁም?» ይላሉ። የለንም። ምድር ወገብ አጠገብ ተቀምጠን ከየት ይመጣል?

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙም አልደከመም። ቆርቆሮ ላይ እየተንጫጫ የሚወርደውም በረዶ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ የምናስቀምጠውም በረዶ ነው፤ መንገድ ላይ እግር የሚያሸራትተውም በረዶ ነው፤ ሌሊት ድምፁን አጥፍቶ እንደ ጥጥ የሚነጠፈውም በረዶ ነው። አመዳይ የሚባል ቃል አለን፣ ግን ስልክ ላይ «ዛሬ አመዳይ ጣለ» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እዚህ ያለነው «ስኖው» ብለን እንገላገላለን። እኔ በዚህ ጽሑፍ በረዶ ነው የምለው። ብቻ የቆርቆሮውን አታስቡ።

ስኖውም ቢሆን ግን አንድ አይደለም። የጥር በረዶ ዱቄት ነው። ደረቅ ነው፤ ነፋስ ያነሳዋል፤ ትንሽ ከሆነ በመጥረጊያ ይገፋል። የመጋቢቱ ግን ውሃ የጠገበ ቡኮ ነው። አየሩ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን የሚወርደው ብናኝ በከፊል የቀለጠ ነው፤ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ካረፈበትም ነገር ጋር ይጣበቃል። መሬቱ ደግሞ ሞቅ ብሎ ስለሰነበተ ከሥር ያቀልጠዋል። ስለዚህ ከላይ ጥጥ፣ ከመሃል ሊጥ፣ ከታች አጥሚት ይሆናል።

ብዙ ሰው ዴንቨር ላይ ብዙ በረዶ የሚጥለው በገና ሰሞን ይመስለዋል። አይደለም። በአማካይ ብዙ የሚጥልበት ወር ማርች ነው። ምክንያቱም ተራራው ነው። ከእኛ በስተምዕራብ ሮኪ ተራሮች ቆመዋል። በጸደይ ዝቅተኛ ግፊት ያለው አየር ከደቡብ በኩል ሲያልፍ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተነሳውን እርጥበት እያሽከረከረ ከምሥራቅ ወደ ተራራው ይገፋዋል። አየሩ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የያዘውን እዚያው እኛ ላይ ያራግፋል። በጸደይ አየሩ ሞቅ ስለሚል ከክረምቱ የበለጠ ውሃ ይሸከማል። እኛ ደግሞ ያንን ውሃ በአካፋ እንሸከማለን።

አሁን ወደ ማርች 2021 ልውሰዳችሁ።

ማሽኔ ያን ክረምት ጀግና ነበር። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ስንት ጊዜ አስነሳሁት! የበረዶውን ዱቄት እስከ አጥሩ ድረስ ሲረጨው ልጄ መስኮት ላይ ተለጥፎ ያያል። ከሦስት ቤት በላይ ያለው ሰውዬ እጁን ሲያነሳ እኔም አነሳለሁ። ወንድ ለወንድ ተያየን ማለት ነው።

ማርች መጀመሪያ ላይ ሞቀ። ሸሚዝ ብቻ ለብሰን ወጣን። እኔም ጸደይ ገባ ብዬ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ከጋራዥ አውጥቼ ደጅ ዘረጋሁት። ይህችን ጎማ አስታውሷት።

ከዚያ ትንበያው መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ በረዶው ብቻ ይወራ ጀመር። ገበያ ሄድኩ፤ የዳቦው መደርደሪያ ባዶ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ገና አምስት ቀኑ ስለነበር እኛስ ወተትና እንቁላል ከመሻማት ድነናል። ሽሮ ሞልቷል። ቅዳሜ፣ ማርች 13፣ የወረደው ግን ዝናብ የተቀላቀለበት እንቶ ፈንቶ ነው። «ይኼ ነው እንዴ?» ተባባልን። ቲቪው ላይ ያሉትንም ሰዎች ቀለድንባቸው።

እሁድ ጠዋት ተነሳሁ። መጀመሪያ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ተገፍቷል፤ በየዓመቱ በጸደይ የሚሰርቁን ሰዓት ያን ሌሊት ነበር። ሁለተኛ፣ መኪናዬ የለችም። ማለቴ አለች፣ ግን ነጭ ጉብታ ሆናለች። በረዶው ደግሞ ገና እየወረደ ነው።

እናቴ በዚያ ጊዜ ከእኛ ጋር ነበረች። ከኮቪድ በፊት ለሦስት ወር ብላ መጥታ በዚያው የቀረች ናት። ጋቢዋን ተከናንባ መስኮቱ ጋ ቆማለች። «ዛሬ አቦ ናቸው» አለችኝ። እውነትም መጋቢት 5 ነው፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል። ሥዕላቸውን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ሰውነታቸው በጸጉር የተሸፈነ፣ አንበሳና ነብር ከጎናቸው ያሉ። ልብስ ሳያሻቸው ብርዱን ቻሉት። እኔ ግን ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሱሪ ደርቤ ገና ሳልወጣ በረደኝ።

እዚህ ላይ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት። ቅዳሴውን በስልክ እየተከታተልኩ «ያቁምና አንድ ጊዜ እጠርገዋለሁ» አልኩ። በጥር እንዲህ ነበር የማደርገው። ዱቄት ሲቆይ ምንም አይሆንም። አሥር ሳንቲ ሜትሩን አሁን ጠርጌ፣ ሌላ አሥር ሲጨመር እንደገና ልወጣ? የሞኝ ሥራ መሰለኝ። መስኮቱን አሻግሬ ሳይ ከፊት ለፊታችን ያሉት አሮጊት ቀይ አካፋቸውን ይዘው ወጥተዋል። ጥቂት ገፋ ገፋ አድርገው ገቡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ወጡ። «ሥራ የፈቱ ናቸው» አልኩ በልቤ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሲመሽ የኤርፖርቱ ልኬት 27.1 ኢንች ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ 69 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በዴንቨር መዝገብ አራተኛው ከባድ በረዶ ሆኖ ተጻፈ። ከፊቱ ያሉት የ1913፣ የ2003 እና የ1946 ብቻ ናቸው። የኤርፖርቱ መንደርደሪያዎች ተዘግተው ነበር። ኤርፖርት የሚሠሩ የሀገሬ ልጆች ገሚሶቹ እዚያው አደሩ፣ ገሚሶቹ ከቤት መውጣት አልቻሉም። እኛ ደጅ ተጨቁኖ ግማሽ ሜትር ያህል ነበር።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪው ልጄ የማላዘውን ሥራ ሠራ። የቲማቲም ቆርቆሮ ወሰደ፣ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በረዶ ሳይጠቀጥቅ ሞላበት። ምድጃ አጠገብ አስቀመጠው። ሲቀልጥ 2 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሆነ። ከዚያ ወረቀት አወጣ። «አባዬ፣ ድራይቭዌያችን ስንት በስንት ነው?» የመኪና መግቢያችን አምስት በስምንት ሜትር ነው አልኩት፣ አርባ ካሬ። ግማሽ ሜትሩ በረዶ ቢቀልጥ ወደ 6.7 ሳንቲ ሜትር ውሃ ነው። አንድ ካሬ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። አባዛና «2,680 ኪሎ» አለ።

እኔ ወደ ኩንታል ቀየርኩት። ሃያ ሰባት ኩንታል! በጥር የሚጥለው ደረቁ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ከፍታ ግማሹን ቢመዝን ነው።

ልጅ ሆኜ መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ ወዛደሮች ኩንታል ጤፍ በጀርባቸው ከመኪና ሲያወርዱ ቆሜ አይ ነበር። ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ይቆማሉ፤ ሁለት ሰው ከላይ ይጭንባቸዋል፤ ቀጥ ብለው በአጭር እርምጃ ይሄዳሉ። እንደዚያ ያለ ጉልበት ያላቸው ሰዎች፣ አንዳቸውም በክንዳቸው ከመሬት አንስተው፣ ወገባቸውን ጠምዝዘው ወደ ጎን ሲወረውሩ አላየሁም። አካፋ የያዘ ሰው ግን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያውም በባዶ ሆዱ፣ ከአልጋው በወረደ በአምስት ደቂቃ።

ሰኞ ንጋት ላይ ቆመ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጋራዥ ወረድኩ። ማሽኔ አለልኝ!

ለማታውቁት፣ ማሽኑ እንዲህ ነው የሚሠራው። ፊት ለፊቱ ሰፊ አፍ አለው። አፉ ውስጥ እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ብረት ይሽከረከራል፤ በረዶውን ቆርጦ ወደ መሃል ይስበዋል። ከኋላ ያለው ማራገቢያ ይቀበለውና በአንገቱ በኩል ወደ ላይ ይተፋዋል። ደረቅ በረዶ በዚያች አንገት ውስጥ ሽው ብሎ ያልፋል። እርጥቡ ግን ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ይደራረባል፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ይዘጋዋል።

ገመዱን ሳብኩ፣ ተነሳ። ሦስት ሜትር ሄድን። በረዶውን እንደ ፏፏቴ ሳይሆን እንደሚያስመልሰው ሰው ዕልቅ ዕልቅ እያለ ጫማዬ አጠገብ ተፋው። ከዚያ ዝም አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ የሚወጣ ነገር የለም።

ጎንበስ ብዬ አንገቱን አየሁ። ነጭ ቡሽ ተደፍኖበታል። እጄ ሄደች። እውነት እላችኋለሁ፣ ጓንቴ አንገቱ አፍ ላይ ደርሳ ነበር። የማውቀው አንድ ወንድማችን ሁለት ጣቱን ያጣው በዚሁ መንገድ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ነው የመለስኳት። እሱ እንኳን ሞተሩን አጥፍቶ ነበር። ቡሽ ሲደፈንበት ብረቱ እንደተወጠረ ይቀራል፤ ቡሹ ሲነቀል ያ ውጥረት ይለቀቅና ብረቱ አንዴ ይዞራል። አንድ ዙር ደግሞ ለጣት በቂ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ የሚሽከረከረው ሁሉ ቀጥ እስኪል ጠብቃችሁ፣ በዱላ ነው የሚጸዳው። ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ለዚሁ የተሠራች የፕላስቲክ ዱላ ተሰክታለች። የእኔ ላይ ቦታዋ አለ፣ ዱላዋ የለችም። አሪዞና ሄዳለች መሰለኝ። በመጥረጊያ እንጨት ጎርጉሬ አወጣሁት።

ሁለት ሜትር ሄድኩ፣ ተደፈነ። ጎረጎርኩ። አንድ ሜትር ሄድኩ፣ ተደፈነ።

እናቴ ጋራዡ በር ላይ መጥታ ቆማለች። ጋቢዋ ከነጠላዋ ተደርቧል። ጥቂት አየችኝና፣

«ምኑ ነው የሚይዘው?» አለችኝ።

«ይጣበቃል እማዬ። በረዶው ብረቱ ላይ ይጣበቃል።»

«አሰስከው?»

«ምን?»

«ምጣድ ሳታስስ ትጋግራለህ እንዴ? አሰስከው ወይ ነው የምልህ!»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ገብታ የምግብ ዘይትና ማሰሻ ጨርቋን ይዛ ወጣች። የጎመን ዘሯን ግን አልሰጠችኝም፤ ከአዲስ አበባ ያመጣችው ነው፣ ለምጣድ ነው፣ አለቀ። ቤት ውስጥ ጧፍም ነበር። ሰም መሆኑን አስቤ እጄን ስዘረጋ ዓይኗን ብቻ አየሁና መለስኩ። ተራ ሻማ አገኘሁ።

የአንገቱን ውስጥ በዘይት አሸሁት፣ የአካፋውን ሆድ በሻማ ፈተግሁት። በኋላ ሳጣራ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው። ሱቅ ውስጥ በቆርቆሮ የሚረጭ ሲሊኮን ለዚሁ ይሸጣል፤ የምግብ ዘይት የሚረጩም አሉ። ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ ሲለቅ ይደገማል። እንደ ምጣዱ።

አንድ ነገር ግን ከምጣዱ ይለያል። ምጣድ ካልጋለ እንጀራው ይይዛል። ማሽኑ ደግሞ ሞቆ ከወጣ በረዶው ይይዘዋል። ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ያደረ ብረት ሲነካው በረዶው ይቀልጣል፣ ወዲያው ደግሞ ይጣበቃል። ስለዚህ ማሽኑን መጀመሪያ ደጅ አውጥቶ ማቀዝቀዝ ነው። ይህንን ለእናቴ ስነግራት «የፈረንጅ ምጣድ ግልብጥ ነው» አለች።

ከታሰሰ በኋላ ሄደ። ነዳጁን ሙሉ ሰጥቼ፣ እርምጃዬን ቀስ አድርጌ፣ አፉን ሙሉ ሳይሆን ግማሹን ብቻ እያጎረስኩት። ጥሩ ጥሩ ስድስት ሜትር ያህል ሄድን። ልቤ ሞቀ። ከሦስት ቤት በላይ ወዳለው ሰውዬ ቀና ብዬ ማየት ጀመርኩ። በዚህ ቅጽበት ነው ቋ! የሚል ድምፅ የሰማሁት።

ጎማዋ! ያቺ ጸደይ ገባ ብዬ የዘረጋኋት የአትክልት ማጠጫ። ማሽኑ እንደ ፓስታ ጠቅልሎ ውጧታል።

የሚሽከረከረው ብረት ከዘንጉ ጋር የተያያዘው ሆን ተብሎ ደካማ በተሠራ ቡሎን ነው። ድንጋይ ወይም ጎማ ሲገጥመው ቡሎኑ ይሰበራል፣ ማርሹ ይተርፋል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ዶላር ነው። መለዋወጫ ቡሎን ቤት ውስጥ ላስቀመጠ ሰው ማለቴ ነው። እኔ አላስቀመጥኩም። ሱቅ ልሂድ ብል መኪናዬ በረዶ ውስጥ ናት። ያንን በረዶ የሚያነሳው ደግሞ ማሽኑ ነበር።

አካፋ አነሳሁ። ቀና ስል ሰውዬው ከሩቅ እጁን አነሳልኝ። ማሽኑ አጠገቡ ጸጥ ብሎ ቆሟል። በሌላ እጁ የያዘው አካፋ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሦስት ሰዓት ተኩል ሥራ ነው፤ በማሽን ካሳለፍኩት ክረምት ሁሉ የበለጠ የተማርኩበት። መጀመሪያ ሰፊውን አካፋ ይዤ ነበር፣ ትልቅ ነገር ቶሎ ይጨርሳል ብዬ። በዱቄት ልክ ነው። በእርጥቡ ግን አንዱ አካፋ ሙሉ አሥራ ምናምን ኪሎ ይሆናል፤ አሥር ጊዜ ካነሳሁ በኋላ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠባቧን የአትክልት አካፋ አመጣሁ። እንደ ድፎ ዳቦ ቆራረጥኩት፤ መጀመሪያ የላይኛውን ግማሽ፣ ቀጥሎ የታችኛውን። ድፎ በአንድ ጉርሻ አይዋጥም። የሚገፋውን ገፋሁ እንጂ አላነሳሁም። ማንሳት የግድ ሲሆን እግሬን አዙሬ ተራምጄ ደፋሁ እንጂ ወገቤን አልጠመዘዝኩም። በየጊዜው ግራና ቀኝ እጄን እየቀያየርኩ። እህል በረንዳ ይሄን ያውቁ ነበር።

ደም ግፊት አለብኝ። ይህን የምናገረው እንደኔ ያለ ብዙ ሰው ስለማውቅ ነው። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል። ከባድ ነገር ስናነሳ ትንፋሻችንን ቋጥረን እናምጣለን፣ ግፊቱ በአንዴ ይወጣል። ከተቀመጠበት ተነስቶ አካፋ የያዘ የሃምሳ ዓመት ሰው ልቡን እያስጨነቀ ነው። በየክረምቱ አሜሪካ ውስጥ በረዶ ሲጠርጉ ልባቸው የሚቆም ሰዎች አሉ፤ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት በምክንያት ነው። ደረት መጨነቅ፣ ክንድ ወይም መንጋጋ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ያለ ልክ ማላብ ከመጣ አካፋውን ጥሎ አምቡላንስ መጥራት ነው። «ትንሽ ቀርታኛለች፣ ልጨርሳት» የሚባል ነገር የለም።

ሰኞ ደግሞ የጾም ቀን ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ይበላል፣ ሰኞ ግን ምግብም ውሃም የለም እስከ ዘጠኝ ሰዓት። እኔ ሁለት ጃኬት ሥር በላብ ርሻለሁ። ውሃ አላነሳሁም፣ በተለይ እናቴ እያየች። አምስት ሰዓት ገደማ በራሷ ብርጭቆ ይዛ ወጣች። ጾም በማስፈታት የምትታወቅ ሴት አይደለችም። «ጠጣ» አለችኝ። «ንስሐ አባትህን ስታገኛቸው ትነግራቸዋለህ።» ጠጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ ያ ክፉ ነገር ይቀራል፤ የከተማው መኪና ከመንገድ ጠርጎ በራችሁ አፍ ላይ የሚከምረው ግድብ። ያ በረዶ አይደለም። የተጨመቀ፣ ጭቃና ጨው የጠጣ፣ ለመዶሻ የቀረበ ነገር ነው። እሱን ለነገ ማሳደር ሞኝነት ነው፣ ሌሊት ድንጋይ ይሆናል። ግማሹን ሠርቼ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ቀዩዋ አካፋ መንገዱን ተሻግራ መጣች። አሮጊቷ ናቸው። የእሳቸው ደጅ ስንት ጊዜ ወጥተው ገብተው፣ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ስለገፉት፣ አስፋልቱ ታይቷል። ምንም አላሉኝም። ከወዲያኛው ጫፍ እየፈረሱ መጡና መሃል ላይ ተገናኘን። እኔ እየጠረጉ ሳያቸው በልቤ ያልኩትን አስቤ ፊቴ ቀላ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። የኮሎራዶን የመጋቢት ፀሐይ ያላየ ሰው አያምንም። ትላንት ሰማይ የተደረመሰ ይመስል ነበር፣ ዛሬ መነጽር ያስደርጋል። ጣሪያው ሁሉ ይንጠባጠባል። እናቴ ቡና እያፈላች «ይኸው!» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ተወው፣ ፀሐይ ይበላዋል ብዬህ ነበር።» ብላኛለች። ግማሽ እውነትም ነበራት። እዚህ አካባቢ ግን የቤት ባለቤት በረዶው ካቆመ በኋላ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ አለበት፤ ፀሐይን ጠብቄ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። ደግሞም ፀሐይ ቀን የሚያቀልጠውን ሌሊት መልሶ ያረጋዋል።

ይህንን በራሴ ወገብ አረጋገጥኩ። የጠረግሁትን ሁሉ የከመርኩት ከድራይቭዌዩ በላይኛው በኩል ነበር፣ ቅርብ ስለነበረ። ክምሩ ከሰዓት ሙሉ ቀለጠ። ውሃው የት ይሄዳል? ያንን ሁሉ ሰዓት አፅድቼ ባደረቅሁት ሲሚንቶ ላይ ቁልቁል ወረደ፤ ማታ መስታወት ሆነ። ማክሰኞ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ሁለት እግሬ በአንዴ ሰማይ አየ። የቆሻሻው ከረጢት ደረቴ ላይ አረፈ። የሽሮና የሽንኩርት ልጣጭ ታቅፌ ሰማዩን እያየሁ ለጥቂት ጊዜ ተኛሁ። ያማረ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ነበር። ክምር ከታች በኩል ነው የሚደረገው፤ ውሃው ወደ መንገድ፣ ወደ ሣሩ እንዲሄድ።

እናቴ በዚያው ዓመት በጋ ላይ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ማሽኑን አልሸጥኩትም። ለጥር አንደኛ ነው። ቤንዚኑን በጋ ከመግባቱ በፊት አስጨርሼ ነው የማስቀምጠው፤ አለበለዚያ አድሮ ካርቡሬተሩን ያጣብቀዋል። መያዣው ላይ ሁለት መለዋወጫ ቡሎን በላስቲክ አስሬበታለሁ። አጠገቡ ሚስማር ላይ የእናቴ ማሰሻ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ በየጸደዩ ዘይቱን ማን ከኩሽና እንደወሰደው ትጠይቃለች፣ መልሱን እያወቀች።

መጋቢት 5 ሲሆን እናቴ ትደውላለች። አቦን አንግሣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ነው የምትደውለው፣ ስለዚህ እዚህ ገና ሌሊት ነው። ባለፈው እንቅልፌ ሳይለቀኝ ስልኩን አነሳሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ውጪ ሞቋል፣ ለሳምንት ጠብታ አልወረደም። ጤና ይስጥልኝም፣ ልጆቹ እንዴት ናቸውም የለም።

«አሰስከው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ አስሼዋለሁ» አልኳት። ዋሽቼ።